ዶክተር መላኩ ወረደ እና የነባር ዘሮች ጥበቃ
ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ዘረመል ተመራማሪ ዶክተር መላኩ ወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውንና ለዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሠረት የሆነውን ማዕከል ለዓመታት በዳይሬክተርነት መርተዋል። በድርቅ ወቅት አርሶ አደሩ ለዘር ያቆየውን እህል ለምግብነት ለማዋል ስለሚገደድ፣ ነባር ዝርያዎች ጨርሰው እንዳይጠፉ ናሙናዎቻቸው ተሰብስበው በዘረመል ባንክ እንዲቀመጡ አድርገዋል።

ሆኖም ዘር በማሳ ላይም ሊጠበቅ እንደሚገባ ያምኑ ነበር። ከአርሶ አደሮች ጋር በመሆን ከነባር የዱረም ስንዴ ዝርያዎች የተሻሉትን በመምረጥና በማባዛት፣ ብዝኃነትን ሳያጠፉ ምርትን ማሳደግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል።

አርሶ አደሩ ነባር ዘር ተበድሮ ከምርቱ በዓይነት የሚመልስባቸው የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ናቸው።