የስሪት ቁጥጥር ለጀማሪ ሶፍትዌር አልሚዎች

የስሪት ቁጥጥር በአንድ ሶፍትዌር ኮድ ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው ጭምር መዝግቦ የሚያቆይ አሠራር ነው። ለዚህ ተግባር በስፋት የሚያገለግለው ጊት ሲሆን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ልማት የሠራው፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ ፕሮግራሚንግ የሚሠለጥን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ ጊትን ጎን ለጎን ቢማር ሥራውን ከጥፋት ይጠብቃል። የለውጡ ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያዝ፣ በጀሞም ሆነ በለቡ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ምዝገባው አይስተጓጎልም፤ ስህተት ቢፈጠርም ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ ይቻላል።

ሆኖም የሚከተሉትን ማስተዋል ያስፈልጋል፦

1. ለውጥ በታሪኩ ውስጥ የሚገኘው በኮሚት ትእዛዝ ሲመዘገብ ብቻ ነው።
2. የተመዘገበው ሥራ በፑሽ ትእዛዝ በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ ካልተላከ፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም ሲሰረቅ አብሮ ይጠፋል።
3. በኮድ ውስጥ የተመዘገበ የይለፍ ቃል በኋላ ከፋይሉ ቢሰረዝም በቀደሙት ስሪቶች ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ወዲያውኑ መቀየር አለበት።