ከቀይ ባሕር ወለል የተወለዱት ደሴቶች

ከየመን የባሕር ዳርቻ በስተ ምዕራብ፣ በደቡባዊው ቀይ ባሕር መካከል የሚገኙት የዙበይር ደሴቶች ቋሚ ነዋሪ የሌላቸው የእሳተ ገሞራ አናቶች ሲሆኑ፣ የተሠሩትም ከጠጠረ አመድና ከባዛልት፣ ማለትም ላቫ ሲቀዘቅዝ ከሚፈጥረው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከእነርሱ በስተ ሰሜን ምዕራብ ብቻዋን የቆመችው ጀበል አል ጠይርም የአፈጣጠሯ ምክንያት ተመሳሳይ ነው። ዓረቢያንና አፍሪካን የተሸከሙት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች በዓመት በጥቂት ሚሊሜትሮች ወይም በሴንቲሜትር በሚለካ ፍጥነት ሲራራቁ፣ ከሥር ያለው ትኩስ ዐለት ጫናው ስለሚቀልለት ከፊሉ ይቀልጥና በሚከፈተው ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣል።

ጀበል አል ጠይር እ.ኤ.አ. በ1883 እንደ ፈነዳች ከተመዘገበ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ጸጥ ብላ ቆይታ በ2007 በድንገት ስትነሣ፣ በደሴቲቱ ሰፍረው ከነበሩት የየመን ወታደሮች የተወሰኑት ሕይወታቸው አለፈ። በ1824 ፈንድተው እንደነበር የሚታወቁት የዙበይር ደሴቶችም ከ150 ዓመት በላይ ካንቀላፉ በኋላ በ2011 መገባደጃ ነቁ፤ ዓሣ አጥማጆች ከባሕሩ ሽቅብ የሚወረወር እሳት ማየታቸውን የተናገሩ ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ሾላን የተባለችው ደሴት ተፈጠረች። በ2013 ደግሞ ከእርሷ የምትሰፋው ጀዲድ ተከተለች።

የሁለቱም አወላለድ በሳይንሱ ዘንድ ሱርትሴያዊ ፍንዳታ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ይህም ስያሜ የተገኘው በ1963 ከአይስላንድ ባሕር ከወጣችው ከሱርትሴ ደሴት ነው። ቅልጥ ዐለቱ ጥልቀት ከሌለው ባሕር ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ እየተስፋፋ ዐለቱን ወደ ደቃቅ አመድ ይሰባብረዋል፤ አመዱም በፍንዳታው አፍ ዙሪያ ተከምሮ ቀለበት መሰል ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ውሃውን ካገደ በኋላ ላቫ በጸጥታ መፍሰስ ይጀምራል፤ ልል የሆነውን አመድ ማዕበል በቀላሉ ስለሚጠርገው፣ የአዲሲቱ ደሴት ዕድሜም በአብዛኛው የሚወሰነው ይህ ጠንካራ ላቫ በሚሸፍነው ስፋት ነው።

ተመራማሪዎች የሳተላይት ራዳር ምስሎችን አነጻጽረው በጎረቤት ደሴቶች ላይ የታየውን የመሬት እንቅስቃሴ ሲለኩ ያገኙት ግን ከደሴቶቹ እጅግ የሚበልጥ ነገር ነበር። ሁለቱን ፍንዳታዎች የመገቡት ዳይኮች፣ ማለትም ቅልጥ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚሠራቸው እንደ ግድግዳ የቆሙ ንጣፎች፣ ርዝመታቸው ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከባሕር በላይ የታዩት ደሴቶች ግን የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ይኸው የመለያየት ኃይል በአፋርም ይሠራል፤ በሴፕቴምበር 2005 በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዳይክ ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ስፍራ እስከ ስምንት ሜትር ከፍቶታል። በአፋር ምድር ላይ ቆሞ ሊለካ የሚቻለው ይህ ሂደት በቀይ ባሕር ውስጥ በውሃ ተሸፍኖ ስለሚካሄድ፣ ደሴት እስኪያወጣ ድረስ ሳይስተዋል ማለፍ ይችላል። ስለዚህ ለብዙ ትውልድ ጸጥ ያለ የእሳተ ገሞራ ደሴት የሞተ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም፤ ዓለም አቀፍ መርከቦች በሚያዘወትሩት በዚህ ባሕር ላይም የማያቋርጥ ክትትል ማድረግ የሳይንስ ጉጉት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጥበቃ ነው።