የሼል ተለዋዋጮችና ምርጫዎች አጭር ታሪክ

ሰው በጽሑፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ በኮምፒዩተር የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እርሱም በ1964 ገደማ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፣ በአንድ ፋይል የተጻፉ ትእዛዞችን አከታትሎ የሚያስፈጽም ራንኮም የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ታሪክ ዋና ጥያቄ፣ የሼልን ጠባይ የሚወስነው ሠሪው ነው ወይስ ተጠቃሚው የሚለው ነው።

በ1971 ኬን ቶምሰን ለዩኒክስ የጻፈው ሼል በሠሪው ፈቃድ የታሰረ ነበር። ትእዛዞች የሚፈለጉባቸው ማኅደሮች በፕሮግራሙ ውስጥ ተወስነው ስለ ተጻፉ፣ ተጠቃሚው ሊለውጣቸው አይችልም ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጆን ማሺ በቤል ላቦራቶሪ ባለ አንድ ፊደል ተለዋዋጮችን ጨመረ፤ ከእነዚህም አንዱ የመፈለጊያውን ቦታ የሚያመለክት ነበር።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1979 ከሰባተኛው ዩኒክስ ጋር በወጣው በስቲቨን ቦርን ሼል ነው። ተጠቃሚው ፓዝ በተባለው ተለዋዋጭ ትእዛዞች የሚፈለጉበትን ቦታ፣ ሆም በተባለው ደግሞ የራሱን ማኅደር መወሰን ቻለ። ኤክስፖርት የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ የተለዋዋጩ ቅጂ ሼሉ ለሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ ልጅ ከአባቱ ቢወርስም የአባቱን ንብረት እንደማይለውጥ ሁሉ፣ ተነሺው ፕሮግራም የሚያደርገው ለውጥ ወደ ሼሉ አይመለስም።

ምርጫዎች ግን የሼሉን የራሱን ሥነ ሥርዓት ይወስናሉ። ለምሳሌ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ሲያጋጥም ሼሉ ሥራውን እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ። ይህ ምርጫ ካልተደረገ ሼሉ ያንን ስም እንደ ባዶ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ አንዱን ማኅደር ብቻ ለመደምሰስ የታሰበ ትእዛዝ የኮምፒዩተሩን ፋይል በሙሉ ሊደመስስ ይችላል። በ1983 ይፋ በሆነው በዴቪድ ኮርን ሼል ደግሞ ምርጫዎች በሙሉ ስማቸው መጠራት ጀመሩ።

ይህ ነፃነት ዕዳም ነበረበት። በ1989 ብራያን ፎክስ የጻፈው ባሽ፣ በተለዋዋጭ አማካይነት ሙሉ የትእዛዝ ስብስብ እንዲወረስ ፈቀደ። የድር ሰርቨሮች ከማያውቁት ጎብኚ የተቀበሉትን ቃል በተለዋዋጭ ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ ባሽ በጽሑፉ መጨረሻ የተቀጠለውን የባዕድ ትእዛዝ ጭምር ይፈጽም ነበር። ይህ ሼልሾክ የተባለ ጉድለት ለ25 ዓመት ያህል ቆይቶ በመስከረም 2014 ታወቀ፤ ማረሚያውም ወዲያውኑ መውጣት ጀመረ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሼል ከሠሪው ፈቃድ ወጥቶ ለተጠቃሚው መገዛቱ ትልቅ እርምጃ መሆኑን ነው። ነገር ግን የሚወረስ ነገር ሁሉ አውራሹ ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ሊታመን አይገባውም።