የተከበበችው ከተማ፦ ብሬስላው በ1937 ዓ.ም.

  

የዛሬው ንግግራችን የታሪክ ነው። ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። የከበደ ቃል ሲመጣ ቆም ብዬ እፈታዋለሁ። ዘመኑን የምነግራችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው። 1937 ዓ.ም. ስል ታሪኩ የተፈጸመባቸው ወራት በፈረንጆች 1945 መሆናቸውን ልብ በሉ።

አንድ ማታ በትምህርት ክፍላችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እናነብ ነበር። አንድ ሽበታም አባት እጃቸውን አወጡና፣ «መምህር፣ ጀርመኖቹ መሸነፋቸውን እያዩ ለምን እጃቸውን አልሰጡም? ምን ይጠብቁ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በጊዜው ባጭሩ መለስኩላቸው። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ አላረካኝም። ጥያቄው ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንዲት ከተማ ታሪክ ልመልሰው እሞክራለሁ።

ከተማዋ ብሬስላው ትባል ነበር። ኦደር በሚባል ትልቅ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሲሌዥያ የተባለው አገር ዋና ከተማ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት 630 ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖርባት ነበር። ዩኒቨርሲቲ፣ የባቡር ፉርጎ የሚሠራ ፋብሪካ፣ ብዙ ድልድዮችና ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነበሯት። ሕዝቧ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ነበር። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከተማዋ ንጹሕ ነበረች ማለቴ አይደለም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በብሬስላው 20 ሺህ ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ተሰደዱ። በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከቀሩት መካከል አንድ ሺህ ያህሉን በባቡር ጭነው ወደ ሊትዌኒያ ወሰዷቸውና በጥይት ፈጇቸው። ከዚያም ሌሎቹ ተከተሉ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ቤት ሲወሰድ ከተማው ያይ ነበር። ጦርነቱ ብሬስላው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ክፋቱ ገብቶባት ነበር።

አሁን ወደ 1937 ዓ.ም. እንምጣ። ጥር 4 ቀን የሶቪየት ጦር ከፖላንድ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ገሠገሠ። በዚያ ግንባር የሚመራው ማርሻል ኮኔቭ ነበር። በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ታንኮቹ ኦደር ወንዝ ደረሱ።

ሂትለር ግን አስቀድሞ በ1936 ዓ.ም. ክረምት ብሬስላው «ምሽግ» ናት ብሎ አውጆ ነበር። ምሽግ ማለት ወታደር የሚመክትበት የተጠናከረ ቦታ ነው። ከተማ ምሽግ ናት ተብሎ ሲታወጅ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጠላት ቢከባችሁም አትወጡም፣ እጃችሁንም አትሰጡም፤ እስከ መጨረሻው ሰው ትዋጋላችሁ ማለት ነው። አሳቡ የጠላትን ጦር አንድ ቦታ ላይ ይዞ ማቆየት ነበር። ነገር ግን ብሬስላው የዘመናዊ ምሽግ ግንብ አልነበራትም። ግንቧ የሰው መኖሪያ ቤት ነበር።

በከተማዋ ትእዛዝ የሚሰጠው ካርል ሐንከ የሚባል ሰው ነበር። የአገሩ የናዚ ፓርቲ ሹም ነው። እሱ ሕዝቡ ቀደም ብሎ እንዲወጣ አልፈቀደም። መውጣት የፈሪ ሥራ ነው ይል ነበር። በመጨረሻ፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ሰሞን፣ በየመንገዱ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ በድንገት ጮኸ። ሴቶችና ሕፃናት ከከተማዋ ይውጡ አለ። ባቡሩ ለሁሉ አልበቃም። ብዙዎቹ በእግራቸው እንዲሄዱ ተነገራቸው።

እስቲ አስቡት። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ነበር። በእንዲህ ያለ ብርድ የተቀዳ ውኃ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። እናቶች ሕፃናቸውን በጋሪ እየገፉ፣ ሽማግሌዎች እየተደገፉ፣ በበረዶ ላይ ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ብዙ ሕፃናትና ብዙ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ደርቀው ቀሩ። ይህን የሰሙ ሌሎች ሰዎች ደግሞ እንቢ፣ አንወጣም ብለው በየቤታቸው ተቀመጡ።

በጥር 20 ገደማ ሌላ ነገር ሆነ። የከተማው ምክትል ከንቲባ ቮልፍጋንግ ሽፒልሃገን ሥራውን ጥሎ ሊሄድ አሰበ ተብሎ ተያዘ። ለፍርድ ሳይቀርብ በሐንከ ትእዛዝ በከተማው አደባባይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተረሸነ። ወሬውም ሕዝብ እንዲያውቀው ተደረገ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ምክትል ከንቲባውን ያልማረ ሰው አንተን አይምርህም።

በየካቲት 6 እና 8 መካከል የሶቪየት ጦር ከተማዋን ዙሪያዋን ዘጋ። ከበባ የሚባለው ይህ ነው። ከበባ ማለት መግቢያውንም መውጫውንም መዝጋት ነው። በውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ የሚገመት ሲቪል ሕዝብ ቀርቶ ነበር። ተከላካዩ ወታደር 50 ሺህ ያህል ነበር።

ታዲያ ይህ ወታደር ማን ነበር? አንድ ዓይነት ጦር እንዳይመስላችሁ። ከየቦታው የተለቃቀመ ነበር። 609ኛ የተባለ በችኮላ የተቋቋመ ክፍለ ጦር ነበር። በአዛዦቻቸው ስም የሚጠሩ የምሽግ ሬጅመንቶች ነበሩ። ለዕረፍት መጥተው የተያዙ ወታደሮች፣ አውሮፕላን የሌላቸው የአየር ኃይል ሰዎች፣ ፖሊሶች፣ የኤስ.ኤስ. ሰዎች ነበሩበት። በኋላም ፓራሹተኞች በአውሮፕላን መጥተው ተጨመሩ።

ከነዚህ ጋር ፎልክስሽቱርም የሚባል ነበረ። ይህ በ1937 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በአዋጅ የተጠራ የሕዝብ ጦር ነው። ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለው ወንድ ሁሉ ይገባበታል። ፀጉር አስተካካዩ፣ የሒሳብ ሹሙ፣ አስተማሪው ጠመንጃ ይዘው ቆሙ። ብዙዎቹ የደንብ ልብስ እንኳ አልነበራቸውም፤ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ደግሞም የሂትለር ወጣቶች ማኅበር ልጆች ነበሩ። ታንክ የሚመታ መሣሪያ ይዘው፣ አጠገባቸው እስኪደርስ ድረስ ፍርስራሽ ውስጥ ተደብቀው ይጠብቁ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ምን ያህል ለመመስገን እንደሚጓጓ አውቃለሁ። ያንን ጉጉት ነው የተጠቀሙበት።

ጦርነቱ ከቤት ወደ ቤት ነበር። ከቤት ወደ ቤት ስል ቃሉን እንዳለ ያዙት። አንደኛውን ፎቅ ጀርመን ይዞ ምድር ቤቱን ሶቪየት ይይዘዋል። ግድግዳ እየበሱ ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፋሉ። ተከላካዮቹ ራሳቸው የከተማቸውን ቤቶች በእሳት ያነድዱ ነበር። ለምን? ጠላት እንዳይሸሸግበትና ለመተኮስ እንዲያመቻቸው ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው አልጋና ቁም ሣጥን በመስኮት ተወርውሮ መንገድ ላይ ተቃጠለ። የከተማው ትራም መንገድ መዝጊያ ሆነ።

ጥይትና መድኃኒት የሚመጣው በአውሮፕላን ብቻ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው በምዕራብ በኩል ስለነበረ ሊያዝ እንደሚችል ፈሩ። ስለዚህ በመጋቢት ወር ከተማው መካከል አዲስ ማረፊያ ይሠራ ተባለ። አንድ ሰፊ ጎዳና ተመረጠ። ግራና ቀኙ ያሉት ትልልቅ ቤቶች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ፈረሱ። ቤተ ክርስቲያንም ፈረሰ። ሥራውን የሠሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ልጆች፣ እንዲሁም ከሌላ አገር በግዴታ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ከሰማይ በተተኮሰባቸው ጊዜ መሸሸጊያ አልነበራቸውም። ብዙዎች እዚያው አለቁ። ማረፊያው ግን ይህ ነው የሚባል አገልግሎት ሳይሰጥ ቀረ።

እንግዲህ ስለ ሁለት ፋሲካዎች ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት የጀርመኖች ፋሲካ የዋለው መጋቢት 23 ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን የሶቪየት መድፍና አውሮፕላን ከተማዋን ያለ ማቋረጥ ደበደቡ። የድሮው ከተማ ተቃጠለ፣ የካቴድራሉ ጣራ ተቃጠለ። የምዕራቡ አውሮፕላን ማረፊያም ያን ጊዜ ተያዘ። ቢሆንም ጦሩ እጅ አልሰጠም። ረዳት ጦር ከደቡብ እየመጣ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። ረዳቱ አልመጣም።

ሚያዝያ 22 ቀን ሂትለር በርሊን ውስጥ ራሱን ገደለ። ሚያዝያ 24 ቀን በርሊን እጅ ሰጠች። ብሬስላው ግን አሁንም ትዋጋ ነበር። ማዘዣው ከተያዘ፣ አዛዡ ከሞተ በኋላ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ሂትለር ከመሞቱ በፊት በኑዛዜው ሐንከን የኤስ.ኤስ. የበላይ አድርጎ ሾሞት ነበር።

ሚያዝያ 26 ቀን አራት የሃይማኖት አባቶች፣ ሁለት ከፕሮቴስታንት ሁለት ከካቶሊክ፣ ወደ ምሽጉ አዛዥ ወደ ጄኔራል ሄርማን ኒሆፍ ሄዱ። ኒሆፍ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በጄኔራል ፎን አልፈን ቦታ የተተካ ነው። አባቶቹ ሕዝቡ አልቋልና መከላከሉ ይብቃ ብለው ለመኑት። ልብ በሉ፣ ከሦስት ወር በፊት ምክትል ከንቲባው ከተማውን ለቆ ሊሄድ አሰበ ተብሎ ተረሽኗል። እነሱ ይህን እያወቁ ነው የሄዱት። መሣሪያ አልነበራቸውም። የያዙት ቃል ብቻ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን፣ ኒሆፍ ከሶቪየቱ ጄኔራል ግሉዝዶቭስኪ ጋር ተፈራርሞ እጅ ሰጠ። ሐንከስ? ሌላውን ሸሸህ ብሎ ያስረሸነው ሐንከ በትንሽ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሸሽቶ ነበር። ከሳምንታት በኋላ በቼኮዝሎቫኪያ ምድር ተማርኮ ሊያመልጥ ሲል ተገደለ።

ያ ሚያዝያ 28 በእኛ አቆጣጠር የፋሲካ ቀን ነበር። አዲስ አበባ ነፃ የወጣችበትን አራተኛ ዓመት ባከበርን ማግስት ማለት ነው። በእነሱ ፋሲካ ከተማዋ ተቃጠለች፤ በእኛ ፋሲካ መድፉ ዝም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ጀርመን በሙሉ እጅ ሰጠች።

መድፉ ዝም ሲል መከራው ሁሉ አላበቃም። ዝርፊያ ሆነ፤ በሴቶች ላይ ብዙ ግፍ ተፈጸመ። ወታደሮቹ ወደ ምርኮ ተነዱ። ኒሆፍ ራሱ እስከ 1948 ዓ.ም. ታስሮ ቆየ። ከከተማዋ ሕንፃ 70 ከመቶ ያህሉ ፈርሶ ነበር። ብሬስላው ለፖላንድ ተሰጠችና ስሟ ቭሮትስዋፍ ሆነ። ጀርመኖቹ እንዲወጡ ተደረገ። በምትካቸው ፖላንዳውያን ገቡ። ከእነሱም ብዙዎቹ ከምሥራቅ ከገዛ ቤታቸው የተነቀሉ ነበሩ። የተነቀለ ሕዝብ በተነቀለ ሕዝብ ቤት ገባ።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ለምን እጃቸውን አልሰጡም?

አንደኛው ፍርሃት ነው። ከኋላቸው የሚረሽን፣ ከፊታቸው የሚበቀል ነበር። የጀርመን ጦር በሶቪየት ምድር ያደረገውን ብዙዎቹ ያውቁ ነበርና በቀሉን ፈሩ። ሁለተኛው ባዶ ተስፋ ነው፤ ረዳት ይመጣል የሚል። ሦስተኛው መሐላ ነው። ለአንድ ሰው የማለ ወታደር ያ ሰው አገር ሲያጠፋም መሐላው ያሰረው ይመስለዋል።

ሁለቱ አዛዦች፣ ፎን አልፈንና ኒሆፍ፣ በፈረንጆች 1959 በጋራ መጽሐፍ አሳትመው፣ መከላከላችን የጠላትን ጦር ይዞ አቆይቷል፣ ስደተኛው እንዲያመልጥ ረድቷል ሲሉ ተከራክረዋል። እውነት ነው፣ አንድ የሶቪየት ሠራዊት በዚያ ተይዞ ቆይቷል። ነገር ግን ትልቁ ጦር ብሬስላውን አልፎ ሄዶ በርሊን ገባ። ከበርሊን ውድቀት በኋላ በነበሩት አራት ቀናት የሞተው ሰውስ ለምን ሞተ? ለዚህ መጽሐፉ የሚያረካ መልስ አለው ብዬ አላምንም።

በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን አውጡት። የብሬስላው ሕዝብ ማንበብ ያውቅ ነበር። በከበባው ጊዜ እንኳ ጋዜጣ ይታተምለት ነበር። ጋዜጣው ግን የሚነግረው ሐንከ እንዲነገር የፈቀደውን ነው። እናንተ ፊደል ቆጥራችሁ፣ ደክማችሁ፣ ማንበብ ችላችኋል። ደስ ይበላችሁ። ነገር ግን ያነበባችሁትን ሁሉ፣ ይህን የእኔንም ንግግር ጭምር፣ «እውነት ነው ወይ? ማን ነው የጻፈው? ለምን ጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊደል ዓይን ይከፍታል፤ ልብን የሚከፍተው ግን ጥያቄ ነው። እኚያ አባት እጃቸውን ያወጡ ዕለት ለእኔም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ከበባ ማለት ምን ማለት ነው? ምሽግስ?
2. የብሬስላው ተከላካዮች እነማን ነበሩ? በዕድሜያቸው ይለያዩ ነበር ወይ?
3. አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ምን ጉዳት ደረሰ?
4. አራቱ የሃይማኖት አባቶች ያደረጉት ነገር ለምን ድፍረት ይጠይቅ ነበር?
5. እናንተ በዚያ ብትኖሩ ጥር ላይ ትወጡ ነበር ወይስ ትቀመጡ ነበር? ምክንያታችሁን ለጎረቤታችሁ አስረዱ።

እስከሚቀጥለው ንግግራችን ድረስ በደህና ቆዩ።