ሲዲና ዲቪዲን በተለያዩ የኮምፒውተር ዓይነቶች ላይ ስለመጠቀም

የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምርመራ ምስሎች፣ የድምፅና የተንቀሳቃሽ ምስል ማስረጃዎች፣ እንዲሁም ቀደም ባሉ ዓመታት የተዘጋጁ ሰነዶች በሲዲ ወይም በዲቪዲ ተቀድተው በባለጉዳዮች እጅ ይገኛሉ። በአንጻሩ አሁን ለገበያ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ከዚህ የተነሳ ጉድለት የሌለበት ዲስክ «አይከፍትም» ተብሎ ባለጉዳዩ ሊመለስ፣ አልፎ ተርፎም ምርመራውን ዳግም ከፍሎ ለመድገም ሊገደድ ይችላል። ዲስኩ ተበላሽቷል ከመባሉ በፊት የማንበቢያውንና የኮምፒውተሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል።

የሲዲ ማንበቢያ ዲቪዲን አያነብም። የዲቪዲ ማንበቢያ ግን ሁለቱንም ያነባል፤ ብሉሬይ የራሱን ማንበቢያ ይጠይቃል። የሦስቱም ዲስኮች ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ በመልክ ማምታታታቸው የተለመደ ነው። በላያቸው የታተመውን ምልክት ማየት ይጠቅማል።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማንበቢያው በሲስተም ዩኒቱ ውስጥ ይገጠማል። በአሮጌዎቹ አይዲኢ የሚባለው ሰፊና ጠፍጣፋ ኬብል፣ በኋለኞቹ ደግሞ ሳታ የተሰኘው ቀጭን ኬብል ስለሚያገለግል፣ ያገለገለ ማንበቢያ የሚገዛ ሰው የኬብሉን ዓይነት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ማንበቢያ ለሌለው ላፕቶፕ አመቺው መፍትሔ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ የዲቪዲ ማንበቢያ ነው። ይህ መሣሪያ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊነክስ ኮምፒውተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ሶፍትዌር ሳያስፈልገው ስለሚሠራ አንዱን ገዝቶ በጋራ መገልገል ይቻላል። አፕል ያመረተው ሱፐርድራይቭ ግን ለማክ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ትንንሽ ዲስኮችም አይቀበልም። ሌላው የተለመደ እንቅፋት የኃይል ማነስ ነው። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ለአንዳንድ ማንበቢያዎች ይህ አይበቃም። ዲስኩ መሽከርከር ጀምሮ ወዲያው የሚቆም ከሆነ ማንበቢያውን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት፣ ኬብሉ ባለሁለት ራስ ከሆነም ሁለቱንም መሰካት ያስፈልጋል።

ዲስኩ ተነበበ ማለት በውስጡ ያለው ነገር ይከፈታል ማለት አይደለም። የሕክምና ምስል በያዙ ዲስኮች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በእነዚህ ዲስኮች ላይ ብዙውን ጊዜ ምስሉን የሚያሳይ ፕሮግራም አብሮ ይቀዳል፤ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ከሆነ በማክ ላይ አይነሳም። ይሁንና ምስሎቹ ዳይኮም በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምስል ደረጃ የተቀመጡ ከሆነ ይህን ደረጃ በሚያውቅ በማንኛውም ሌላ ፕሮግራም ሊታዩ ይችላሉ። ወደ ፍላሽ ሲገለበጡም ጥቂት ፋይሎችን መርጦ ሳይሆን የዲስኩን ይዘት በሙሉ መውሰድ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ምስሎቹን የሚያገኘው አብሯቸው በተቀመጠው ማውጫ አማካይነት ነውና።

ፊልም የያዙ ዲቪዲዎች የተለየ ጉዳይ አላቸው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ከዊንዶውስ ጋር በነባሪነት ስለማይመጣ እንደ ቪኤልሲ ያለ ነፃ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ከውጭ አገር በዘመድ የሚላኩ የንግድ ፊልሞች ደግሞ የክልል ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል፤ የኢትዮጵያ 5፣ የአሜሪካ 1፣ የአውሮፓ፣ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2 ነው። የኮምፒውተር ማንበቢያ ይህን ቁጥር እንዲቀይር የሚፈቀድለት 5 ጊዜ ብቻ በመሆኑ ቁጥሩን ያለ በቂ ምክንያት መለወጥ አይመከርም። ሰነድ ወይም የሕክምና ምስል የያዙ ዲስኮችን ይህ አይመለከታቸውም።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ባዶ ዲስክ ላይ ፋይል የሚቀዳ ሰው ሁለት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ አንደኛው ዲስኩን እንደ ፍላሽ መጠቀም፣ ሁለተኛው ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ማዘጋጀት ነው። ለሌላ ወገን የሚሰጥ ዲስክ በሁለተኛው ቢቀዳ ይመረጣል፤ በመጀመሪያው የተቀዳ ዲስክ በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የተጫረ ወይም ለረጅም ጊዜ ሙቀትና ፀሐይ የነካው ዲስክ ሳይነበብ ሊቀር ስለሚችል፣ ብቸኛ ቅጂ የሆነን ዲስክ ሳይዘገዩ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ተገቢ ነው። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱ ሳይረጋገጥ ዋናው ዲስክ መጣል ወይም ለሌላ ወገን መሰጠት የለበትም።