ዕዳው በእናት ስም ሲመዘገብ

በወር ስብሰባችን የቁጠባው ሂሳብ ተዘግቶ ቡና ሲፈላ ደጋግሞ የሚነሳ ጉዳይ አለ። ሕፃን ልጇ ስሙ ሲጠራ የማይዞርላት፣ ዓይኗን የማያያት እናት «ምን በድዬ ነው?» ትላለች። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል። አማት ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜ ያደረገችውን ትቆጥርባታለች። ብዙዎቻችን ይህን የእኛ አገር ኋላ ቀርነት አድርገን እናየው ነበር። የተማሩ ሐኪሞችም ግን ዓመታት ሙሉ ይህንኑ ብለዋል።

በአሜሪካ የሕፃናት አእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ልጆቹ ባሕርዩን ይዘውት እንደተወለዱ በዚያው ጽሑፍ ገልጿል። ሆኖም የወላጆቹን ቅዝቃዜም አንስቶ ነበር፤ በ1949 ልጆቹ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጡ ያህል ናቸው እስከ ማለት ደረሰ። «የፍሪጅ እናት» የሚባለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን ይበልጥ ወደ እናቶች ገፋው፤ ልጅን ከወላጆቹ መለየትንም እንደ ሕክምና ያየው ነበር። ልጇን ልታሳክም ሄዳ በሽታው አንቺ ነሽ የተባለች ሴት እንዴት ወደ ቤቷ እንደተመለሰች እናስብ።

ክሱን ለመስበር ከተነሱት አንዱ ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ምክንያቱ ከአንጎል እንጂ ከአስተዳደግ አይደለም ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ በማግስቱ ዓመት ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር መሠረተ። (ማኅበር ስንል እንደኛው የተቸገሩ ሰዎች ስብስብ ነው።) በ1969 ካነር ራሱ በዚያ ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆሞ ወላጆችን ነጻ አወጣ። በ1977 ደግሞ 21 ጥንድ መንትዮች ተጠኑ፤ ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፣ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም። ነገሩ በዘር እንደሚወረስ ከዚያ ወዲህ ማስተባበል ከባድ ሆነ።

በሂሳብ ሥራ የተሳሳተ ምዝገባ ሲታረም ትክክለኛውም መግባት አለበት። እዚህ ላይ ይህ የተጓደለ ይመስለናል። እናት ጥፋተኛ አይደለችም ከተባለ በኋላ ስለ እናት ጭንቀት ማውራት ራሱ አስፈሪ ሆነ፤ ዳግም ክስ እንዳይመስል። ጉዳዩ ግን አለ። ሕፃን ስሜቱን ማረጋጋት የሚማረው ከሚይዘው ሰው ነው። ልጁ ፈገግታዋን ካልመለሰላት እናት አይወደኝም ብላ ትከፋለች፤ ስትከፋ ጨዋታውም ንግግሩም ይቀንሳል፣ እሱም ያጣል። ድብርቷ ኦቲዝምን አላመጣም፤ የሁለቱን ቀን ግን ያከብደዋል። ይህን ለይቶ መናገር እሷን መክሰስ አይደለም።

በአገራችን ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ማዕከልን ስትከፍት የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች። በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆች ብቅ ያሉት እንዲህ ባሉ እናቶች ጥረት ነው።

እኛ ማዕከል የመክፈት አቅም የለንም። በስብሰባችን ቀን ግን ሁለት ሁለት እየሆንን ልጁን እንይዛለን፤ እናቱ ጓዳ ገብታ ትተኛለች። ስትነሳ መጀመሪያ የምንጠይቃት ስለ ልጁ ሳይሆን አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ ብለን ነው። መጀመሪያ ሰሞን መልስ አልነበራትም።