የባለቤቱ አያያዝ እና የፋብሪካው አሠራር፦ ያገለገለ ፖርሽ 911 ሲመዘን የኖረበት ታሪክ

ያገለገለ የስፖርት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው መኪናው በጥሩ ሁኔታ መያዙን ሲሆን፣ ጥያቄው በየዘመኑ አንድ ዓይነት ቢመስልም መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ግን ሲለዋወጥ ኖሯል። ይህን ለውጥ ለመከታተል ከጀርመኑ ፖርሽ 911 የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሞዴሉ ከ1964 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በተከታታይ ትውልዶች ሲመረት ከመኖሩም በላይ፣ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ጉድለት ይዞ ስለመጣ፣ ያለፈውን ጉድለት መፈለግ የለመደ ገዢ አዲሱን ሳያየው ያልፍ ነበር።

መኪናው በ1963 በፍራንክፈርቱ የመኪና ትርኢት የቀረበው 901 በሚል ስም ሲሆን፣ መካከላቸው ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስሞችን በፈረንሳይ የመጠቀም መብት አለኝ ያለው ፔዦ በመቃወሙ 911 ተባለ። ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ የተቀመጠ፣ ስድስቱ ሲሊንደሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ የሚቀዘቅዘውም በራዲያተር ውኃ ሳይሆን በማራገቢያ አየርና በራሱ ዘይት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢውን የሚያሳስበው ግን ከሞተሩ ይልቅ ዝገት ነው፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወለሉን ከሥር እየበላ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ መኪና ውስጡ ተቦርቡሮ ይገኝ ስለነበር፣ ብልህ ገዢ ማግኔት ይዞ ላሜራውን እየነካካ ብረቱን ከስቱኮው፣ ማለትም ቀዳዳ ተደፍኖ ከሚቀባበት ልጥፍ፣ ይለይ ነበር። ፋብሪካው ከ1976 ሞዴል አንሥቶ በዚንክ የተለበጠ ላሜራ መጠቀምና ከዝገት የስድስት ዓመት ዋስትና መስጠት ሲጀምር የማግኔቱ ሚና እየቀነሰ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ግን ማግኔት የማይደርስበት ችግር ተከሠተ። ከ1974 እስከ 1977 በቀረቡት መደበኛ ሞዴሎች የነበረው ባለ 2.7 ሊትር ሞተር ዋና ቤቱ፣ ኮሎውን አቅፎ የሚይዘው ክፍል፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከማግኒዥየም የተሠራ በመሆኑ፣ ሙቀት በበረታ ቁጥር ሲሊንደሩንና ቴስታታውን ጨብጠው የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች ጥርሳቸውን እየቦረቦሩ ይነቀሉ ነበር። ለአሜሪካ ገበያ በተላኩት መኪናዎች ላይ ደግሞ፣ የጭስ ሕጉን ለማሟላት፣ ያልተቃጠለው ጋዝ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ተቃጥሎ እንዲወጣ የሚያደርግ መሣሪያ ስለተጨመረ ሙቀቱ ከፋ። ዘይቱን በጊዜው የቀየረ፣ መኪናውን በጋራዥ ያሳደረ ባለቤት ሳይቀር ብሎኑ ተነቅሎ ያገኘው ነበርና፣ የባለቤቱ አያያዝና የፋብሪካው አሠራር ተለይተው መመዘን እንዳለባቸው የታየው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም ገበያው ይህን ትምህርት ለመርሳት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ለመርሳቱ አንዱ ምክንያት በወረቀት ላይ የነበረው እምነት ነው። ጀርመን ከ1951 ጀምሮ መኪናዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ የደነገገች ሲሆን (የኢትዮጵያ አንባቢ ቦሎ ለማግኘት ከሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል)፣ አሜሪካ ደግሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደኋላ መመለስ በፌዴራል ሕግ የከለከለችው በ1972 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1970፣ ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ ከገዢ ይልቅ የመኪናውን ጉድለት ስለሚያውቅና ገዢው ይህን ስለሚጠረጥር፣ ጥሩው መኪና የሚገባውን ዋጋ አጥቶ ከገበያ እንደሚወጣ አስረድቷል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ያደረገውም ይኸው የመረጃ አለመመጣጠን ትንታኔ ነው። የጥገና መዝገብ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግል ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ አከርሎፍ ያሰበው ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ነው፤ ሻጩም የማያውቀው ጉድለት ሲኖር መዝገቡ ምን ሊናገር ይችላል?

የዚህ ጥያቄ ፈተና የመጣው 996 በሚባለው ትውልድ ነው። ፖርሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሽያጩ አሽቆልቁሎ ለኪሳራ ተቃርቦ ስለነበር፣ በቬንደሊን ቪዴኪንግ አመራር ወጪ ለመቀነስ ሲል በ1996 ቦክስተር የተባለውን መኪና፣ በ1997 ደግሞ 996ን ብዙ ክፍሎችን እንዲጋሩ አድርጎ አወጣ፤ ሞተሩም በውኃ የሚቀዘቅዝ ሆነ። በዚህ ሞተር ውስጥ የኮሎውን ዙር ተቀብሎ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች ወደሚያዞሩት ካቴናዎች የሚያስተላልፍ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ የዘንጉን አንድ ጫፍ የያዘው ግሪሱ ውስጡ የታሸገ ኩሽኔታ ነው። ማሸጊያው ሲያረጅ ግሪሱ በሞተሩ ዘይት እየታጠበ ይወጣል፤ ኩሽኔታው ከተሰበረ የካቴናዎቹ ቅንብር ይዛነፋል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም በቅጽበት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። አብዛኞቹ መኪናዎች ይህ ባይደርስባቸውም፣ ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የባለቤቶች የጋራ ክስ ሆኖ በ2013 ከ2001 እስከ 2005 ሞዴሎችን በሚመለከት በስምምነት ተቋጭቷል። ቱርቦና ጂቲ3 የተባሉት የ996 ዓይነቶች ሞተሮች አሠራራቸው ሌላ በመሆኑ ይህ ችግር አልነካቸውም።

ይህ ጉድለት የቆየውን የገዢ መመዘኛ ገለበጠው። ብዙ መካኒኮች እንደሚሉት፣ ለአጭር መንገድ ብቻ የሚወጣና አብዛኛውን ዓመት ቆሞ የሚከርም መኪና ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ስለሚጠራቀም ከሚነዳው ይልቅ ለኩሽኔታው አስጊ ነው፤ በመሆኑም ቆጣሪው ትንሽ ያሳየ፣ ሻጩም እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀው መኪና የተሻለው ምርጫ መሆኑ ማረጋገጫ አጣ። ጠንቃቃ ገዢ መዝገቡን ካነበበ በኋላ የዘይት ማጣሪያውን አስቀድዶ የብረት ብናኝ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ የዞረባቸውን ጊዜያትም ከመኪናው ኮምፒውተር ያስነብባል። ወደ ኩሽኔታው ለመድረስ ካምቢዮና ፍሪሲዮን መውረድ ስላለባቸው፣ ኩሽኔታውንና ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ማስቀየር የተለመደ ሆኗል፤ ስለዚህም ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ የተቃረበ 996፣ በሻጩ ዓይን ጉድለት ያለበት መኪና ቢሆንም፣ ሒሳቡን ላወቀ ገዢ የዋጋ መደራደሪያ ሆኖ ያገለግለዋል።